ስሙ የተቆረጠ ሽፋን

ባለፈው ሳምንት የአንድ የድሮ መጽሔት ሽፋን ፎቶ እዚህ ለጥፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የመጣልኝ ጥያቄ ብዙ ነው። «የት አገኙት?» ያለ አለ። «ይሸጣል?» ያለ አለ (አይሸጥም)። ጌዶ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ደሞ «ቲቸር፣ ውስጡ የሌለ መጽሔት ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ልጁ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር፤ ሁሉም በልቡ የያዘውን እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእሱም ለሌሎቻችሁም ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቡና ያፈላችሁ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

የምሰበስበው በእጅ የተሳለ ሽፋን ያላቸውን የድሮ መጽሔቶች ነው። ፎቶ ያለበትን ሽፋን ጠልቼ አይደለም። ግን ፎቶ አንሺ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። ሰዓሊው ባዶ ወረቀት ፊት ነው የሚቀመጠው፤ ገበሬው ጫማ ይኑረው አይኑረው፣ ሴትዮዋ ወደኛ ትይ ወይ አንገቷን ትድፋ፣ ከኋላቸው ጎጆ ይሁን ፋብሪካ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ መወሰን አለበት። የተሳለ ሽፋን ሳይ የማየው ያንን ውሳኔ ነው። በንጉሡ ዘመን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣ የነበረውን መነንን፣ የደርጉን ዘመን የካቲትን፣ ከዚያ ደሞ በ1985 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ አስፋልት ዳር የተደረደሩትን የግል መጽሔቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እኔ ጋ ካሉት ውስጥ ከ66 በፊት መሶብ የታቀፈች ሴት አለች፤ ከ66 በኋላ ደሞ መጽሐፍ ከፍ አድርጋ የያዘች ሴት አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቺው ሴትዮ ናት። ቀሚሷ እንኳን አልተቀየረም፤ የያዘችው ብቻ ነው የተቀየረው።

ደሞ የኅትመቱ ነገር አለ። ያኔ ሥዕል በክሊሼ ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ነው የሚያልፈው። ወረቀቱ በሁለተኛው ዙር ትንሽ ከተንሸራተተ ቀዩ ከመስመሩ ይወጣና የልጅቷ ከንፈር ጉንጯ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ያበላሸው ይመስለዋል። እኔ ግን እንደዚያ ዓይነቱን ሳገኝ ደስ ነው የሚለኝ፤ ማሽኑ ጋ ቆሞ ወረቀት ያስገባ የነበረው ሰው እጅ የሚታየኝ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጌዶ ልምጣ።

ጌዶን የማታውቁ፣ ከአምቦ ጉደርን አልፋችሁ ወደ ነቀምት ስትሄዱ ዳገቱ ላይ የምታገኟት ብርዳም ከተማ ናት፤ ወደ ፊንጫ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው። እንደዚህ ባለ ከተማ አንድ መጽሔት ስንት ዕድሜ ነበረው? መጀመሪያ የሚያነበው መምህሩ ወይም የጤና ጣቢያው ሰው ነው። ከዚያ እጅ በእጅ ይዞራል። ከዚያ ሦስት መንገድ ነው ያለው። አንደኛው ሱቅ ነው፤ ገጹ እየተገነጠለ ስኳር፣ ጨው፣ በርበሬ ይጠቀለልበታል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ደብተርና መጽሐፍ ሳይለብዱ መምጣት የማይቻልበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ለመለበድ ደሞ ከመጽሔት ሽፋን የሚበልጥ የለም፣ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዝናብ አያስገባም። በእኔ ተማሪነት የሶቪየት መጽሔት ያገኘ ልጅ ሀብታም ነበር። ሦስተኛው ግድግዳ ነው። የጭቃ ቤት ምርጊት እንዳይራገፍ፣ ብርድም እንዳያስገባ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፍበታል፤ ሥዕል ያለበት ደሞ እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል ይሆናል።

ከሦስቱ ውስጥ ወረቀቱን የሚያቆየው ግድግዳው ብቻ ነው። ስኳር የተጠቀለለበት ይጣላል፣ ይቀደዳል፣ እሳት ይጫርበታል። ደብተር የተለበደበት ሰኔ ላይ አልቋል።

እዚህ ጋ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ከአድዋ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ፓሪስ የሚታተመው ለ ፔቲ ዡርናል አጼ ምኒልክን አድዋ ላይ በፈረስ አድርጎ በባለ ቀለም ሽፋኑ አወጣ። ያንን ሽፋን ዛሬ ጌዶ ቁጭ ብዬ በስልኬ ላየው እችላለሁ፤ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባለው ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ጣሊያኖችም ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ የሚባል ሳምንታዊ ነበራቸው። ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ40 ዓመት በላይ ሽፋኑን ይስል የነበረው አኪሌ ቤልትራሜ የሚባል ሰው ነው። የ1928ቱን ወረራም በየሳምንቱ ለጣሊያን ቤተሰብ የሳለላቸው እሱ ነው፤ በእሱ ሥዕል ውስጥ እኛ ምን እንደምንመስል መገመት አያቅታችሁም። የሰውዬው ስም ይታወቃል፣ ሥራው ተሰብስቧል፣ ሽፋኖቹ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይሸጣሉ። ሌሎች እኛን የሳሉን ሥዕል በአንድ ጣት ይገኛል። እኛ ራሳችንን የሳልነው ደሞ ስኳር ተጠቅልሎበታል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያን ያህል ሰዓሊ አፍርቷል፤ ለሽፋን ሥራ እጃቸውን ያዋሱትን ግን ስማቸውን ማን ጻፈልን? እኔ ጋ ካሉት 41 ሽፋኖች ውስጥ የሰዓሊው ስም በግልጽ የሚነበብባቸው 7 ናቸው።

ያቺን የለጠፍኳትን ሽፋን ያገኘሁት ጌዶ ውስጥ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። የባለቤቷን ስም እዚህ አልጽፍም፣ አዴ ብቻ ልበላቸው። የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው የድሮውን ቤት አፍርሶ ብሎኬት ሊሠራ ነው፤ የነገረኝም እሱ ነው። «ቲቸር፣ ወረቀት ትወዳለህ፣ ሳይፈርስ ናና እይ» አለኝ።

ስገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ጋዜጣ ነው፣ ጭስ ጠጥቶ የሻይ ቀለም ይዟል። በመካከሉ ስድስት ሥዕሎች አሉ። ሁሉም የመጽሔት ሽፋን ናቸው፤ ሁሉም ደሞ ከላይና ከታች በመቀስ ተቆርጠዋል። የመጽሔቱ ስም የለም፣ ወሩ የለም፣ ዓመቱ የለም። ለሰብሳቢ ይሄ ጭንቅላቱ የሌለ ሐውልት ማለት ነው።

«አዴ፣ ላዩን ማን ቆረጠው?» አልኳቸው። ያወራነው በኦሮምኛ ነው፣ በአማርኛ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

«እኔ ነኛ» አሉ። «ያኔ ፊደል አላውቅም። ያ ሁሉ ጭረት ለእኔ ምኔ ነው? ሥዕሉን ያጨናንቀዋል። አማቼ ልትጎበኘን ስትመጣ ንጹሕ ሥዕል እንድታይ ብዬ ነው።»

ሽፋኖቹን ያመጡላቸው ባላቸው ናቸው፣ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበሩ፤ መምህራኑ አንብበው የተዉትን ይሰጧቸዋል። አዴ ከየመጽሔቱ ሽፋኑን አንስተው ውስጡን ለሱቅ ይሰጣሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውስጡን ያነበቡት የተማሩት ሰዎች ናቸው፣ ሽፋኑን ያተረፉት ግን ፊደል ያልቆጠሩት አዴ ናቸው።

ስም ከሌለ ዓመቱን በምን ታውቃለህ ትሉኝ ይሆናል። ግድግዳው ራሱ ይናገራል። በየጊዜው ጋዜጣው ሲያረጅ በላዩ ሌላ ይለጥፋሉ፤ ሥዕሎቹን ግን እየዘለሉ ነው፣ ዙሪያቸውን ብቻ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ዙሪያው እየወፈረ መጥቶ እንደ መስኮት ጎድጉዷል። በጠርዙ በኩል ጋዜጣውን ንብርብር በንብርብር ብታዩት፣ ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈው ከሥዕሉ ይቀድማል፣ ሥዕሉ ጋ ሲደርስ የሚቆመው ከሥዕሉ በኋላ የመጣ ነው። ከልጅቷ ሥዕል ሥር የ1957 አዲስ ዘመን አለ። ጠርዟ ላይ የሚቆመው የመጀመሪያው ንብርብር የ1960 ነው። እና አዴን ስጠይቃቸው «ሙሽራ ሳለሁ» አሉኝ፤ ሰርጋቸው በ58 ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የመጨረሻዎቹ ንብርብሮች ላይ በሪሳ አገኘሁ። በሪሳ በ1967 ዓ.ም የተጀመረ የኦሮምኛ ጋዜጣ ነው፤ ያኔ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር፣ ወደ ቁቤ የዞረው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው። አጠገቤ የነበረው የአዴ የልጅ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው። ፊደል በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምሯል። አማርኛ መስሎት ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ አንድ መስመር እንደሄደ ፊቱን አጨማደደ፣ ሁለተኛው ላይ ቀስ አለ፣ ሦስተኛው ላይ ዘወር ብሎ «እንዴ! አፋን ኦሮሞ ነው!» አለ። ከተወለደ ጀምሮ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው የሚተኛው። አዴ ሳቁ። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በ71 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው። የመጀመሪያው ዙር በአምስት ቋንቋ ነበር፣ ኦሮምኛ አንዱ ነው፤ ሁሉም በፊደል። «ማታ ማታ ከትምህርቱ ስመለስ ኩራዝ ይዤ ግድግዳዬን አነብ ነበር» አሉ። «ዓለም ሁሉ ቤቴ ውስጥ ሲያወራ ኖሯል፣ እኔ ነኝ የማልሰማው።» ከዚያ ሥዕሎቹን ቀና ብለው አዩ። «የእነሱን ስም ግን ቆርጬዋለሁ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ ንግግሩ መጣ። እኔ ስድስቱንም ነው የፈለግሁት፣ ለምን እዋሻለሁ። ወስጄ ከግድግዳው ለቅቄ፣ ጀርባቸውን አይቼ፣ ማንነታቸውን ላውቅ ነው የፈለግሁት። ልጃቸው «ውሰዳቸው፣ አቧራ ናቸው» ባይ ነው። አዴ ግን «ወረቃ ከነ ማል ጎታ?» አሉኝ፤ ይሄን ወረቀት ምን ታደርገዋለህ ማለታቸው ነው። ሳጥን ውስጥ እንደማስቀምጥ ነገርኳቸው። «ሳጥን ውስጥ ማን ያየዋል?»

መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር አሁንም ጥሩ መልስ የለኝም። ብርሃን ቀለም ያነጣል፣ ወረቀት ያቢጫል፣ የጌዶ ጉም ሻጋታ ያበቅላል፤ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ሥዕል ግን የሚሳለው ሊታይ ነው፣ ይሄም እውነት ነው።

በመጨረሻ አዴ ወሰኑ። አምስቱ ለእኔ፣ አንዷ እሳቸው ጋ ትቀራለች፣ አዲሱ ቤት ውስጥ ትሰቀላለች። የቱን እንደመረጡ ሳትገምቱ አትቀሩም። ልጅቷን። ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷ ላይ መጽሐፍ፣ አጠገቧ የታሰረች ጥጃ፤ ሦስት ቀለም ብቻ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ከስድስቱ አንዷን ብቻ ውሰድ ብባል የምወስደው እሷን ነበር። ሰዓሊው ያቺን ልጅ ወደኛ እንድታይ አላደረጋትም። መጽሐፉንም እያነበበች አይደለም። ጥጃዋን ነው የምታየው፤ ገመዱ እንዳይፈታ፣ ጣቷን ግን ገጹ መካከል አስገብታለች። ገጠር ያደገ ሰው ያቺን ጣት ያውቃታል።

እንዴት እንደወረደች ልንገራችሁ፣ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም። ከፊት በኩል መላጥ የለም፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በውኃ ከራሰ ፊቱ ይለቃል። ቤቱ የሚፈርስ ስለሆነ ሥራውን የጀመርነው ከውጭ ነው። የአዴ ልጅና ሁለት ጎረቤቶች ጭቃውን ከማገሩ ላይ ቀስ እያሉ አራገፉ፣ እኔ ከውስጥ በኩል አንሶላ የለበሰ ጣውላ አስደግፌ ቆምኩ። የውስጡ ምርጊት ስስ ሆኖ ሲቀር በመጋዝ ዙሪያውን ቆረጥነውና ከነምርጊቱ ጣውላው ላይ አስተኛነው። ከዚያ ምርጊቱ በጣት እየተፈረፈረ ይነሳል። ቀጥሎ ያለው ጋዜጣ በለብ ያለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ከጀርባ ሲቀመጥበት የድሮው የዱቄት ሙጫ ይለሰልሳል፤ ስለት የሌለው ቢላ ይዞ መታገሥ ነው። ስድስቱ ሙሉ አራት ቀን ፈጀብን። አንዱ ሽፋን ጥጉን አይጥ በልታው ነበር፣ ሙጫው ዱቄት ነዋ።

ላሚኔት ላስደርገው ለምትሉ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ፕላስተርም አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ መስመር ይተዋል። ከየት እንዳገኛችሁት ግን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ። በእስክሪብቶ አይደለም።

የልጅቷን ጀርባ ያየሁት በአራተኛው ቀን ከሰዓት ነው። የማስታወቂያ ግማሽ አለ፣ በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላ በኩል እንግሊዝኛ። የወረቀቱ ስፋትና የፊደሉ ቅርጽ እኔ ጋ ካሉት የመነን ቅጂዎች ጋር ይገጥማል። ቁጥሩና ወሩ የሚኖርበት ቦታ ግን በአዴ መቀስ ሄዷል።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ፣ ውስጡ የሌለ መጽሔት ምን ያደርጋል ወዳለው። ውስጡ አልጠፋማ! ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ወመዘክር አለ፤ የዚያን ዘመን መጽሔቶች የሚፈለጉት እነዚህ ጋ ነው። በሌላ በኩል በዓለም ዙሪያ ቤተ መጻሕፍት መጽሔት ሲጠርዙ ሽፋኑንና ማስታወቂያውን አውጥተው መጠረዝ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ተጠርዞ የተቀመጠ መጽሔት ሽፋን ላይኖረው ይችላል፤ ሽፋኑ ደሞ ጌዶ ግድግዳ ላይ ሊሆን ይችላል። የማስታወቂያው ግማሽ ከሌላ ቁጥር ማስታወቂያ ጋር ከገጠመልኝ ወሩን አጠባለሁ። በጾሙ ፍቺ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን የአሮጌ መጽሐፍ ደንበኞቼንም አያለሁ፤ እነሱ ጋ ያልታሰበ ነገር አይጠፋም።

ልጅቷ አሁን ያለችው እኔ ቤት፣ በሁለት ነጭ የጥጥ ጨርቅ መካከል፣ ሰሌዳ ሥር ነው። መስተዋት ቆራጩ አምቦ ስላለ ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ። የአዴ አዲሱ ቤት ጣራው ተመቷል፣ ምስማሩ የት እንደሚሆን አዴ ራሳቸው በከሰል ምልክት አድርገዋል፤ ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ ነው፣ ስለ ብርሃን የነገርኳቸውን ሰምተዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በቀኝ በኩል ከታች፣ ከጥጃዋ እግር አጠገብ፣ የአዴ መቀስ ለጥቂት የሳታት ፊርማ አለች። ሁለት ፊደል ናት። የመጀመሪያው «ተ» ነው፤ ሁለተኛው ጭስ ስለነካው «በ» ይሁን «ሰ» አይለይም። አጉልቼ ያነሳሁትን ፎቶ ከታች አያይዣለሁ። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማራችሁ፣ በዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤት ወይም ማስታወቂያ ሚኒስቴር የሠራ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ እቤት ያለውን ወረቀት እስቲ ገለጥ ገለጥ አድርጉልኝ። ይቺን ፊርማ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ፣ ከቅዳሜ በፊት ስሙን ከጀርባዋ በእርሳስ ልጽፍለት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ መስተዋቱ ይዘጋል።